ከትንሽ የሙዚቃ ሸክላ ቤት እንዴት ይገዛል (አሜሪካ ላላችሁ)

ሸክላ ማጫወቻ ገዝታችሁ ሸክላውን ከዋልማርትና ከታርጌት ለምታመጡ ነው ይሄ። አካባቢያችሁ አንድ ትንሽ ሸክላ ቤት ከተረፈ እዛ ሂዱ፣ ግን አገዛዙን እወቁበት።

መጀመሪያ ትንንሾቹ ሱቆች ለምን እንዳለቁ፣ ምክንያቱም ምን እንደምትገዙ የሚገባችሁ ከዛ ነው። በፈረንጆቹ 90ዎቹ እነ ቤስት ባይ አዲስ የወጣ ሲዲ ከጅምላ ዋጋው በታች ሁሉ ይሸጡ ነበር፣ ሲዲው ላይ ቢከስሩ ግድ የላቸውም፣ ሰውየው ለሲዲ ብሎ ገብቶ ቲቪ ወይ ፍሪጅ ይዞ እንዲወጣላቸው ነው። ትንሹ ሱቅ ደሞ ፍሪጅ የለው። በ1999 ናፕስተር የሚባለው፣ ሰው ዘፈን በነጻ ከኢንተርኔት የሚያወርድበት ፕሮግራም ሲመጣ ጭራሽ ባሰ፣ ታወር ሬከርድስ የሚያህለው ትልቅ የሙዚቃ መደብር እንኳን በ2006 አሜሪካ ያሉ ሱቆቹን ዘጋ። ቤስት ባይስ? በ2018 ሲዲውን ከሱቁ አውጥቶ ተገላገለ፣ ገበያውን ካበላሸ በኋላ!

የተረፉት በብዛት ያገለገለ ሸክላ እየሸጡ ነው የተረፉት፣ ትልልቆቹ እዛ ውስጥ አይገቡም። ስለዚህ በቀጥታ ወደ ዩዝድ ሳጥኖቹ ሂዱ።

ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ ሸክላውን አውጡ፣ ጠርዙንና መሃሉን ብቻ ያዙ፣ ጣት አታሳርፉበት፣ መብራት ስር ዘንበል አድርጉት። ስስ ጭረት ብዙ ጊዜ አይሰማም፣ ጥፍር የሚይዝ ከሆነ ግን መርፌው ይዘላል ተዉት። በጎን እዩት፣ ከተጣመመ ተዉት። ቀዳዳው ዙሪያ ወረቀቱ ላይ ብዙ ቀጫጭን መስመር ካለ በጣም ተጫውቷል ማለት ነው። ሽፋኑና ሸክላው አንድ መሆናቸውንም አረጋግጡ፣ ሰው አይታመንም እኮ። የሸክላውን ይዞታ ደረጃ በፊደል ይጽፉበታል፣ ቪጂ ፕላስ (VG+) ያለው ጥሩ ነው፣ ጂ (G) ብቻ ያለው ሲንኳኳ ነው የሚውለው። ማዳመጫ ካላቸው ሳትሰሙ አትክፈሉ። አንድ ሸክላ ላይ አትከራከሩ፣ አምስት ስድስት ስትይዙ ግን ቅናሽ መጠየቅ ነውር የለውም።

የኛን የድሮ ሸክላ፣ እነ አምሃ ሬከርድስና ካይፋ ያሳተሙትን፣ ሳጥን ውስጥ በርካሽ አገኛለሁ ብላችሁ አትጠብቁ፣ ኦሪጅናሉን ሰብሳቢዎች ይሻሙበታል። እንደገና የታተመውን ግን ባለቤቱ ያዝላችኋል፣ ትእዛዙን ኦንላይን ከመስጠት ለሱ ስጡት።

ሚያዝያ አካባቢ ሬከርድ ስቶር ደይ የሚባል አለ፣ ከ2008 ጀምሮ፣ ለዛ ቀን የሚታተሙት ሸክላዎች ለነዚህ ትንንሽ ሱቆች ነው የሚሰጡት። በስልክ አስቀምጡልኝ አይሰራም፣ በጠዋት መሰለፍ ነው። እውነት ለመናገር ሰልፉ ላይ ኢቤይ ላይ ሊቸረችር የመጣው ብዙ ነው፣ እኔ ብሆን በሳምንቱ እሄዳለሁ፣ የተረፈም ይኖራል ባለቤቱም ለወሬ ጊዜ አለው። የቤታችሁን ሸክላ ልትሸጡ ከሆነም ያኔ ውሰዱ፣ በካሽ ፋንታ በሱቁ ክሬዲት ከወሰዳችሁ ብዙዎቹ የተሻለ ይሰጣሉ።