ክብ ጫፍ ያለው ፎንት ሲያስቸግር

ከክብና ከቀጥታ መስመር የተሠሩ፣ ጫፋቸው የተሞረደ ፎንቶች ደስ ይላሉ። ለስለስ ያሉ ናቸው። ጣጣው የሚመጣው የማይሆናቸውን ሥራ ስንሰጣቸው ነው።

«ርዕሱ ያምራል፣ ጽሑፉ ግን አይነበብም»

ደጋግሜ የምሰማው ይሄንን ነው። የላቲኖቹ ትንንሽ ኦ (o)፣ ሲ (c) እና ኢ (e) እዚህ ከአንድ ክብ የተቀዱ ናቸው። እንደ ኩዊክሳንድ ባለው ፎንት ትንሿ ኤ (a) ራሷ ክብ ላይ ዘንግ የተለጠፈባት ናት። በ60 ፒክሰል ያምራል። በ12 ፒክሰል ግን ዓይን አንዷን ከሌላዋ ለመለየት ይታገላል። የጫፉ ክብነትም ይጠፋል፤ መስመሩ ራሱ አንድ ፒክሰል ገደማ ሆኖ ምኑ ይሞረዳል?

ክቡን ለርዕስ፣ ለሎጎና ለአጫጭር ቃላት ተዉት። ለረጅም ጽሑፍ ዘመዱን ፈልጉ። ለምሳሌ ኑኒቶ ጫፉ ያልተሞረደ ወንድም አለው፣ ኑኒቶ ሳንስ የሚባል። አጥንታቸው አንድ ስለሆነ ጎን ለጎን አይጣሉም። የግድ ክቡ ይሁን ካላችሁ ከ16 ፒክሰል አታውርዱት፣ በፊደላቱ መሀል ትንሽ አየር ጨምሩ፣ ላይት የሚባለውን ቀጭኑን ዓይነት እርሱት።

«ጫፉን ራሴ ሞርጄ ሎጎ ሠራሁ፣ ግን የሆነ ነገር ቅር ይላል»

እኔም አድርጌዋለሁ። ተራ ፎንት ወስዶ ማዕዘኑን በሶፍትዌር ማለስለስ ቀላል ይመስላል። ችግሩ ክብ ጫፍ ለዓይን አጠር ብሎ ነው የሚታየው። ፊደል ሠሪዎች ይህን ስለሚያውቁ ዘንጉን በጥቂቱ ያስረዝሙታል፤ ኦንም ከመስመሩ ላይና ታች ትንሽ አሳልፈው ይስሏታል። ሶፍትዌሩ ዓይን የለውም። ያገኘውን ማዕዘን ሁሉ ይሞርዳል፣ የውስጡንም ጭምር። የትንሿን የ«n» ትከሻ አጉልታችሁ እዩ፦ ቅስቱ ከዘንጉ የሚጋጠምበት ቦታ የቀለም ጠብታ የወደቀበት ይመስላል።

የውጪውን ጫፍ ብቻ ሞርዱ፣ ውስጡን አትንኩ፣ ዘንጉን በዓይናችሁ እየለካችሁ አስረዝሙ። እውነቱን ለመናገር፣ ከመጀመሪያው ክብ ተደርጎ የተሠራ ፎንት መውሰድ ይሻላል።

«ቦልዱ ተድበስብሷል»

የቦልዱ (የወፍራሙ ፊደል) ፋይል ስላልተጫነ ብራውዘሩ ሬጉላሩን (መደበኛውን) በራሱ አወፍሮት ይሆናል። ፋይሉን ጫኑ፣ አለቀ።

«አማርኛው በሌላ ፎንት ወጣ»

ፎንቱ የግዕዝ ፊደል የለውም ማለት ነው። ሲስተሙ ከሌላ ተበድሮ ሞላላችሁ። የግዕዙን ፎንት ራሳችሁ ምረጡ፣ ውፍረቱንም ከላቲኑ ጋር አስተያዩ።

«ቁም ነገሩ ቀልድ መሰለ»

ክብ ጫፍ ሁሉ የልጆች ነው የሚለውን አልቀበልም። ቫግ ራውንድድ የሚባለው ክብ ጫፍ ፎንት በ1979 ለመኪና አምራቹ ቮልስዋገን የተሠራ ነው። በኋላ አፕል በኪቦርድ ቁልፎቹ ላይ ለዓመታት ተጠቅሞበታል። ቁልፍ ላይ ፊደሉ ብቻውን ስለሚቆም ያምርበታል። አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቀልደው ክቡ ላይ የሚደረበው ደማቅ ቀለምና የተጋነነ ውፍረት ነው። መጀመሪያ እነሱን ቀንሱ። ጽሑፉ የሐዘን መግለጫ ወይም ውል ከሆነ ግን አትድከሙ፣ ፎንቱን ቀይሩ።