የገናን ዋዜማ ከሥራ ጫና እንዴት ማቃለል ይቻላል

የገና ሥራ በአንድ ሌሊት ላይ የሚከመር ሥራ ነው። ጅማ ውስጥ እንደኔ ቢሮ ውሎ የሚገባ ሰው ታኅሣሥ 28 ቀን ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ቤቱ ሲደርስ ሽንኩርቱ አልተላጠም፣ ዶሮው አልታረደም፣ ድፎው ገና ሊጥ ነው፤ ሌሊት ደግሞ ቅዳሴ አለ። ከአራት ዓመት በፊት በዚህ መንገድ ሄጄ ስለተቀጣሁ፣ ከዚያ ወዲህ የምከተለውን አሠራር እነሆ አቀርባለሁ። (በዘመነ ዮሐንስ በዓሉ ታኅሣሥ 28 ስለሚውል ከዚህ በታች የጠቀስኋቸውን የታኅሣሥ ቀኖች በአንድ ቀን መቀነስ ያስፈልጋል።)

መጀመሪያ ገንዘቡን መወሰን ይገባል። የገና ወጪ ብቻውን አይመጣም፤ በ12ኛው ቀን፣ ጥር 11፣ ጥምቀት አለ። ስለዚህ ኅዳር ሳያልቅ ባልና ሚስት ተቀምጠው ቅርጫ፣ በግ ወይስ ዶሮ የሚለውን ቢቆርጡ፣ ሦስቱንም አንድ ላይ ለመያዝ ከመበደር ይድናሉ። በእኔ እምነት ቅርጫ የገባ ቤት በግ መግዛት የለበትም። የቅርጫው ሥጋ የሚደርሰው እንግዳ በሚገባበት ሰዓት ስለሆነ፣ መደቡን ተቀብሎ የሚዘለዝለው ሰው ማን እንደሆነ አስቀድሞ ይታወቅ።

ግዢው በሁለት የሐሙስ ገበያ ይከፈል። ከበዓሉ በፊት ባለው ሁለተኛው ሐሙስ ሽንኩርት፣ ኮረሪማ፣ ቅቤና ከሰል ይገዛሉ፤ ሽንኩርት ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ከተዘረጋ ሁለት ሳምንት አይበላሽም። ዶሮና እንቁላል ለመጨረሻው ሐሙስ ይቆዩ። ዶሮ ቀድሞ መግዛት ርካሽ ቢመስልም ጥሬውና ጥበቃው ትርፉን ይበላዋል፤ የእኔው አንድ ጊዜ ገመዱን በጥሶ ለሁለት ቀን ሰፈሩን ሲያሯሩጠን ከርሟል። በከተፋና በእንጀራ የሚያግዝ ሰው የሚፈልግም ቀድሞ ይነጋገር፤ ወቅቱ የቡና ለቀማ ስለሆነ በዋዜማው ሳምንት የሚገኝ እጅ ጥቂት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ቁሌቱ እንምጣ። ዶሮ ወጥን የሌሊት ሥራ የሚያደርገው ዶሮው አይደለም፤ ሽንኩርቱ ነው። ቁሌት ግን በዋዜማው መሠራት እንዳለበት የደነገገ ማንም የለም። እኔ ይህን ሳላውቅ ነበር በዚያ ዓመት 3 ኪሎ ሽንኩርት ከትፌ በኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ የጣድሁት። ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። ከሰል አልገዛሁም ነበር፤ ከጎረቤት ለምኜ እስካቀጣጥል ድረስ ሽንኩርቱ በገዛ ውኃው ተቀቀለ፣ እሳቱ ሲመጣ ደግሞ ከሥሩ አረረ። ያረረውን ለመሸፈን በርበሬ ጨመርሁበት፤ ምሬቱ ባሰ። ድስቱን ደፍቼ፣ ምንም ባላጠፋች ልጄ ላይ ጮኼ፣ ቅዳሴው ሲጀመር በባለ ሦስት እግሩ በርጩማ ላይ ግድግዳ ተደግፌ እንቅልፍ ወስዶኝ ነበር።

ስለዚህ ቁሌቱ ታኅሣሥ 26 ማታ ይሠራ። ሽንኩርቱ በቢላዋ ደቅቆ ይከተፍ፤ መፍጫ ማሽን ጊዜ እንደሚቆጥብ አልክድም፣ ነገር ግን ሽንኩርቱን ውኃ ስለሚያደርገው የተረፈው ጊዜ ውኃውን በማድረቅ ያልቃል። ያለ ዘይት፣ በመካከለኛ እሳት፣ ከሥሩ እየታሰሰ ከአንድ ሰዓት በላይ ይቁላላ። ድስቱ መንጫጫቱን ትቶ ድምፁ ሲሰክንና ሽንኩርቱ ቡናማ ሲሆን ዘይት ይገባል፤ ቀጥሎ በርበሬው። ከዚህ በኋላ መቸኮል አይገባም፤ በርበሬው ሊይዝ ሲል ትንሽ ሙቅ ውኃ ጠብ እየተደረገለት ሌላ አንድ ሰዓት ያህል ይብሰል፤ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብሉም በዚሁ መካከል ይጨመሩ። ዘይቱ ጠርቶ ከላይ ሲንሳፈፍ ደርሷል ማለት ነው። ቅቤ አይገባበትም፤ ጾሙ ስላልተፈታ ጨዉን ለመቅመስም እንዲህ ይመቻል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው። ትኩሱን ቁሌት ከከደኑት እንፋሎቱ ተመልሶ ይንጠባጠብበትና ያኮመጥጠዋል፤ አንድ ጊዜ ደርሶብኛል። ክዳኑ ተነሥቶ፣ በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኖ፣ ፈጽሞ ከቀዘቀዘ በኋላ ብቻ ወደ ማቀዝቀዣ ይግባ። ማቀዝቀዣ የሌለው ቤት ጠዋትና ማታ አፍልቶ እንደገና ማቀዝቀዝ አለበት። በታኅሣሥ የጅማ ሌሊት ብርዳም ስለሆነ ሁለት ቀን በዚህ ዓይነት በደህና ያልፋል፤ ለፋሲካ ሙቀት ግን አልመክረውም።

እንጀራው ታኅሣሥ 27 ይጋገር። ድፎው በ28 ጠዋት በኮባ ቅጠል ይደፋ። ጠላ መጥመቅ የሚፈልግ ሥራውን በታኅሣሥ መጀመሪያ ይጀምር፤ እኔ ሙያውን ከሚያውቁ ሴት ገዝቼ እገላገላለሁ፣ ይህንንም ለመናገር አላፍርም።

ሙስሊም ጎረቤት ያለው ሰው፣ እዚህ ከተማ ደግሞ የሌለው ጥቂት ነው፣ የእነርሱን ድርሻ በበዓሉ ጠዋት ማሰብ ከጀመረ ሌላ ጭንቀት ይገዛል። እኛ ቤት አንዱን ዶሮ ጎረቤታችን ሐጂ ያርዱታል፤ ድስቱና ማማሰያው ከራሳቸው ቤት ይመጣል፤ ለዚህ ድስት የሚሆነው ቁሌት በ26 ማታ በተለየው ድስት ይሠራል። ሌላውን እንግዳ በተመለከተ፣ ጠዋት ማን፣ ከሰዓት ማን እንደሚመጣ በስልክ መነጋገር እንደ ንቀት አይቆጠር። አማቴ የመጀመሪያው ዓመት ቅር ብሏቸው ነበር፤ ዛሬ ሰዓታቸውን የሚደውሉልኝ እርሳቸው ናቸው።

ታኅሣሥ 28 ማታ የሚቀረው አጭር ነው። 12 ብልት የወጣው ዶሮ በሎሚና በጨው እየታሸ ውኃው እስኪጠራ ይታጠባል፤ ቁሌቱ ይሞቃል፣ ንጥር ቅቤ ይገባል፣ ዶሮው ይጨመራል፤ ሊወርድ ሲል መከለሻውና የተቀቀለው እንቁላል። መብራት ቢጠፋ እንኳ ከሰሉ ተዘጋጅቷል። ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ድስቱ ወርዷል። ዕቃው ውኃ ውስጥ ተነክሮ ይደር፣ እጅ በሎሚ ልጣጭ ይታሽ፣ ማንቂያው ለቅዳሴ ተሞልቶ ይተኛ።