ኃላፊ ነዎት? ሥራው ድንገት ቢቋረጥስ? ቀድሞ እንዴት መዘጋጀት እንደሚቻል

ዕድገት ሲገኝ ሰው የሚያየው ደሞዙን፣ መኪናውንና የነዳጅ አበሉን ነው። ውሉን በጥድፊያ ፈርሞ መሳቢያ ውስጥ ይወረውረዋል። ዝግጅቱ ግን ከዚያው ወረቀት ይጀምራል።

መጀመሪያ የትኛው ሕግ እንደሚመለከትዎት ይወቁ። እዚህ ጋ ረጋ ይበሉ። በግል ድርጅት የሚሠራ ሰው አላግባብ ሲባረር የሚጠቅሰው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ነው። አዋጁ ግን «የሥራ መሪ» የሚባለውን አይመለከትም። የድርጅቱን ፖሊሲ የሚያወጣና የሚያስፈጽም፣ ወይም የሚቀጥር፣ የሚያግድና የሚያሰናብት ሰው ከአዋጁ ውጪ ነው። የእሱ ጉዳይ የሚታየው በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግና በውሉ ነው። ባለሙያ ሳሉ አዋጁ ይሰጥዎት የነበረው ጥበቃ፣ የሥራ ስንብት ክፍያው ጭምር፣ ኃላፊ ሲሆኑ በራሱ አይከተልዎትም።

የመደቡ ስም አያታልልዎት። «ማናጀር» ተብሎ አንድ የጥበቃ ሠራተኛ እንኳ ማሰናበት የማይችል ሞልቷል። ዋናው ሥልጣኑ ነው። የሥራ መዘርዝሩን ይዘው የሥራ ክርክር የሚያውቅ ጠበቃ ያማክሩ፤ የፌስቡክ የሕግ ምክር ይቅርብዎት። የሥራ መሪ ከሆኑ ውሉ ላይ ሁለት ነገር ያስጽፉ፦ የማስጠንቀቂያ ጊዜው ስንት ወር እንደሆነና የስንብት ክፍያው የስንት ወር ደሞዝ እንደሆነ። «በድርጅቱ አሠራር መሠረት» የሚል ሐረግ ካዩ ያስቀይሩ። በመጨረሻው ቀን አሠራሩን የሚተረጉሙት አሠሪዎቹ ናቸው። ይህን ሁሉ የሚጠይቁት ከመፈረምዎ በፊት ነው። ከፈረሙ በኋላ ማን ይሰማዎታል?

ቀጥሎ በስምዎ ያለውን የመሥሪያ ቤት ንብረት ያጣሩ። የማውቀው አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ኃላፊ ክሊራንስ፣ ማለትም ከንብረትና ከዕዳ ነፃ ነው የሚለው መልቀቂያ፣ የተከለከለው በአንድ ፕሪንተር ነው። ቢሮ ሲቀያየሩ ፕሪንተሩ ሌላ ፎቅ ሄዷል፤ ሞዴል 22 በሚባለው የንብረት ወጪ ቅጽ ላይ ያለው ፊርማ ግን የእሱ ነው። አዲሱ ቤት «መልቀቂያ አምጣ» ይለዋል፣ የድሮው «ፕሪንተሩን አምጣ» ይለዋል። ስለዚህ ዕቃ ከእጅዎ በወጣ ቀን ንብረት ክፍል ሄደው በወረቀት ያዛውሩ። «ውሰደው፣ ችግር የለም» የሚባል ነገር የለም።

ዕዳና ዋስትናንም እንዲሁ። የሠራተኛ ብድር ካለብዎት፣ ሲለቁ ወለዱ ይቀየር እንደሆነ ውሉ ላይ ይዩ። ለአጎት ልጅ የፈረሙት የደሞዝ ዋስትናም አይረሳ።

የመጠባበቂያ ገንዘብ ይያዙ። ሲያሰሉት ግን የድርጅቱን መኪና፣ ነዳጅና የስልክ ካርድ አውጥተው ነው፤ የወር ወጪዎ ያኔ ነው የሚታየው። ጡረታውንም ይከታተሉ። ከእርስዎ 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ በስምዎ መግባት አለበት። የሚታሰበው በመሠረታዊ ደሞዙ ብቻ ነው። ስለዚህ ገቢው በአበል ያበጠ ኃላፊ ጡረታው ላይ ይደነግጣል።

የሥራ ልምድ ደብዳቤ በየጊዜው ያውጡ፣ በተለይ አለቃዎ ሊቀየር ነው ሲባል። ቅጥር፣ ዕድገት፣ ውል፣ የሥራ አፈጻጸም፤ ሁሉንም ኮፒ ቤትዎ ያስቀምጡ። የድርጅቱን ሰነድ ግን ወደ ግል ኢሜይልዎ አይላኩ። ያ ራሱ ያስባርራል።