ደብረ ብርሃን ያለውን ጌም መሐል ሜዳ ከተማ ላይ መጫወት፦ የሠራው መፍትሔ

በስቲም (የኮምፒውተር ጌም በኢንተርኔት የሚሸጥበት ፕሮግራም) የተገዛ ጌም የሚታሰረው ከአካውንቱ ጋር ነው፤ በሌላ ላፕቶፕም ይሠራል። 50 ጊጋባይት የሚሆን ጌም እንደገና በሞባይል ዳታ ማውረድ ግን ብር ማቃጠል ነው።

ደብረ ብርሃን ካለው የቤት ኮምፒውተር፣ ስቲምአፕስ (steamapps) በሚባለው ፎልደር ውስጥ ካለው ኮመን (common) ፎልደር፣ የጌሙን ፎልደር ስሙን ሳይነኩ ወደ ሃርድ ዲስክ መገልበጥ። ዲስኩ ፎርማት የተደረገው በፋት32 (FAT32) ከሆነ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነን ፋይል አይቀበልም፤ በኤክስፋት (exFAT) ፎርማት ይደረግ (ያለበት ሁሉ ይጠፋል፣ ቀድሞ ይገልበጥ)። ወደ መሐል ሜዳ በሚሄደው ላፕቶፕ ላይም ፎልደሩን እዚያው ኮመን ውስጥ አስገብቶ ስቲም ላይ ኢንስቶል ሲባል፣ ስቲም ያለውን ፈትሾ የጎደለውን ብቻ ያወርዳል። አዲስ ማሽን ስለሆነ የስቲም ጋርድ ኮድ (የአካውንቱን ባለቤት ማረጋገጫ) ይጠይቃል፤ ስልኩ ቅርብ ይሁን።

ይህ ሁሉ ደብረ ብርሃን ሳሉ ይለቅ። ጌሙ አንዴ በኢንተርኔት ካልተከፈተ ኦፍላይን ሞድ (ያለ ኢንተርኔት መጫወቻው) ላይ እምቢ ሊል ይችላል። ሁልጊዜ ከኢንተርኔት ሰርቨር ጋር መገናኘት የሚፈልጉትን ጌሞችማ ከነጭራሹ አለመጫን ይሻላል።