የውሃ ጎማውን ፍቱት፦ የዊንተር የቤት ችግርና መፍትሄ

ሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ ውስጥ ቤት እጠግናለሁ። ብርዱ ከገባ ስልኬ አያርፍም። ከሚደውሉልኝ ብዙዎቹ የኛው ሰዎች ናቸው፤ ችግሩም ከሞላ ጎደል አንድ ነው፦ ቧንቧ። ሌላውን ባጭሩ ልበልና እሱ ላይ እቆያለሁ። ፊልተር መቀየርንና የበር ስር መድፈንን ታውቁታላችሁ ብዬ አልፌዋለሁ።

ማሞቂያው ተነስቶ በጥቂት ሰከንድ ይጠፋል፦ ብዙ ጊዜ እሳቱን የምትለየው ቀጭን ዘንግ ቆሽሻ ነው። መብራቱንና ጋዙን ዘግታችሁ አውጧትና ቀስ ብላችሁ ወልውሏት። ስኖው ከጣለ በኋላ ጨርሶ አልነሳም ካለ ደግሞ ውጭ ውጡ። ከግድግዳው የሚወጡትን ነጭ የፕላስቲክ ቱቦዎች ስኖው ደፍኗቸው ይሆናል። ጥረጉላቸው።

ማሞቂያ ጠፋ ብሎ ከሰል ቤት ውስጥ ማቀጣጠል ግን ፈጽሞ አይሆንም። ለቡናም ቢሆን። ጋራዥ ውስጥም፣ በሩ ተከፍቶም ቢሆን። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፤ ቤተሰብ በተኛበት ይጨርሳል። የሚኒሶታ ሕግ ከእያንዳንዱ መኝታ ክፍል በ10 ጫማ ውስጥ አላርም ይኑር ይላል። ስለጮኸ ባትሪውን አውጥታችሁ መሳቢያ ውስጥ ከከተታችሁት ዛሬውኑ መልሱት።

መስኮቱ ያልበዋል፦ እርጥበት ነው። እንጀራ ስትጋግሩ የኩሽናውን ፋን ክፈቱ።

የጣሪያው ጠርዝ ላይ በረዶ ተጋግሮ ውሃ ወደ ቤት ይገባል፦ ሙቀት በአቲክ (ከጣሪያው ሥር ባለው ባዶ ቦታ) እያመለጠ ስኖውን ከሥር ያቀልጠዋል፤ ጠርዙ ጋ ሲደርስ መልሶ በረዶ ይሠራል። መፍትሄው ሙቀቱ ወደ አቲኩ የሚያመልጥበትን ቀዳዳ መድፈን ነው። በመጥረቢያ አትምቱት፤ ጣሪያውን ትበሱታላችሁ።

አሁን ወደ ቧንቧው። ሚያዝያ ላይ መኪና ልታጥቡ የውጭውን ቧንቧ ትከፍታላችሁ። ውሃው ደከም ብሎ ይመጣል። ትንሽ ቆይቶ የቤዝመንቱ ምንጣፍ ረጥቧል። ሁሉም "ዛሬ ፈነዳ" ይለኛል። የፈነዳው ጥር ላይ ነው።

ብርድ እንዲችል የተሠራው የውጭ ቧንቧ፣ መዝጊያው እጀታው ጋ አይደለም። ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ቤቱ የሚሞቅበት በኩል ነው። ስትዘጉት የቀረው ውሃ ወደ ውጭ ይፈስና ቱቦው ባዶ ይሆናል። የውሃ ጎማው ተገጥሞበት ከቀረ ግን ውሃው መውጫ የለውም። ውሃ በረዶ ሲሠራ ወደ 9 በመቶ ይሰፋል፤ መዳቡ አይችለውም። ስንጥቁ ከመዝጊያው ወዲህ ስለሆነ፣ እስክትከፍቱት ድረስ አንድ ጠብታ አይታይም።

አንድ ወንድማችን እናቱ ሲመጡ ይረፉበት ብሎ ቤዝመንቱን አሳምሮ አሠርቶ ነበር። አዲሱን ሺትሮክ (የግድግዳውን ሰሌዳ) ቆርጬ ቱቦውን ሳወጣው ስንጥቁ ከአውራ ጣት ጥፍር አይበልጥም፤ ከንፈሩ ወደ ውጭ ተገልብጧል። ጎማው ውጭ እንደተገጠመ ነው። እሱ ዝም ብሎ ያየው ነበር።

ስለዚህ ጥቅምት ሳያልቅ ጎማውን ፍቱት። ውሃውን ለሁለት ጎማ የሚያከፋፍለውን ባለ ሁለት አፍ ማገናኛም ፍቱት፤ እሱም ውሃ ይይዛል። ቱቦው ወደ ውስጥ አዘንብሎ ከተገጠመ ጎማ ባይኖርም ይፈነዳል። እንዲህ አድርገው ገጥመው የሚሄዱ ኮንትራክተሮች ያናድዱኛል፤ ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው። በጸደይ ስትከፍቱ አፉን በአውራ ጣታችሁ ድፈኑት። ውሃውን ያለ ችግር ካቆማችሁት ውስጡ መፈንዳቱን ጠርጥሩ። ቶሎ ዝጉት።

የኩሽናው ቧንቧ ብቻ ጠዋት አልመጣም ካለ የውጭ ግድግዳው ጋ በረዶ ሠርቷል። መጀመሪያ ቧንቧውን ክፈቱት። ከዚያ የፀጉር ማድረቂያ ይዛችሁ ከቧንቧው አፍ በኩል ወደ ኋላ እያሞቃችሁ ሂዱ። እሳት አታስጠጉ። በረዶው ሲቀልጥ ስንጥቅ ካለ ያኔ ነው የሚፈሰው፤ የቤቱን ውሃ በሙሉ የሚዘጋው ዋናው መዝጊያ የት እንዳለ ቀድማችሁ እወቁ። በሚቀጥለው ሌሊት የካቢኔቱን በር ክፍት ተዉት፤ ውሃውም በቀጭኑ ይውረድ። አንድ ቤት ባለቤቱ በቧንቧውና በክፍሉ መካከል ኢንሱሌሽን (ሙቀት የማያሳልፍ ሙሊት) ጠቅጥቆበት አገኘሁ። የቤቱን ሙቀት ከለከለው ማለት ነው። ኢንሱሌሽኑ ከቧንቧው ጀርባ፣ በውጭው ግድግዳ በኩል ነው መሆን ያለበት።

ለገና አገር ቤት የምትሄዱ፣ እባካችሁ ማሞቂያውን አታጥፉ። ጋዝ ለመቆጠብ ብለው አጥፍተው የሄዱ ቤተሰብ አውቃለሁ። የላይኛው መታጠቢያ ቧንቧ ፈንድቶ የሳሎኑ ኮርኒስ ወርዷል። ያወቁት ጎረቤት በጋራዡ በር ሥር የወጣውን በረዶ አይቶ ሲደውልላቸው ነው። ኢንሹራንሱም መጀመሪያ የጠየቃቸው ማሞቂያው በርቶ እንደነበር ነው። ከ55 ፋራናይት በታች አታውርዱት። ዋናውን መዝጊያ ዝጉ፤ ቧንቧዎቹን ከፍታችሁ ውሃውን አፍስሱ። ቁልፉንም በየሁለት ቀኑ ገባ ብሎ ለሚያይ ሰው ስጡ።