ፎርማት ከማለትዎ በፊት፦ የጠፉ ፎቶዎችንና የድምፅ ቅጂዎችን እንዴት ማትረፍ ይቻላል?

ደሴ ውስጥ የእህቱን ሰርግ የቀረጸ፣ መስከረም 21 ግሸን ማርያም ደርሶ የመጣ ወይም የአያቱን መንዙማ በስልኩ የቀዳ ሰው ይህን ሁሉ የሚያስቀምጠው ከጥፍር በማይበልጥ ሚሞሪ ካርድ ላይ ነው። ካርዱ አንድ ቀን ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ «ፎርማት ካልተደረገ መጠቀም አይቻልም» የሚል መልእክት ይመጣል፤ ባለቤቱም ይደነግጥና እሺ ይላል። ከብልሽቱ የተረፈው ፋይል የሚያልቀው በዚህ ጥድፊያ ነው።

አንድ ፎቶ ከካርድ ላይ ሲሰረዝ ምስሉ ወዲያው አይፋቅም። የሚነካው ፎቶው የት እንዳለ የሚያመለክተው መዝገብ ነው። ቦታው እንደ ባዶ ይቆጠራል፤ ምስሉ ግን ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ እዚያው ይቆያል። ስለዚህ ከታች ያሉት እርምጃዎች ሁሉ የሚቆሙት በአንድ ሕግ ላይ ነው፦ ካርዱ ላይ ምንም አዲስ ነገር አይጻፍ።

አንደኛ፣ ስልኩን ወይም ካሜራውን አጥፍተው ካርዱን ያውጡ። ትንሹ ካርድ የሚገባበት ትልቁ ማስገቢያ (አዳፕተር) በጎኑ ላይ የምትንሸራተት ትንሽ ቁልፍ አለችው፤ ወደ መቆለፊያው በኩል ይግፏት። ኮምፒውተሩ «ፎርማት ይደረግ?» ወይም «ስህተቱ ይታረም?» ብሎ ቢጠይቅ ሁለቱንም እምቢ ይበሉ። ማረሙም ካርዱ ላይ ይጽፋልና።

ሁለተኛ፣ ቀላሉን መንገድ ይፈትሹ። ጉግል ፎቶስ ቅጂ ይዞ ከነበረ፣ የተሰረዘ ፎቶ በቆሻሻ መጣያው ውስጥ 60 ቀን ይቆያል። በአይፎን ደግሞ በቅርቡ የተሰረዙት በሚለው አልበም ውስጥ እስከ 30 ቀን ይገኛል። ለዘመድ በቴሌግራም የላኩትም እዚያው የውይይቱ ገጽ ላይ ይኖራል። ብዙ ሰው ይህን ሳያይ ገንዘብ ይከፍላል።

ሦስተኛው እርምጃ ብዙዎች የሚዘሉት ነው፤ እኔ ግን ከሁሉም አስበልጠዋለሁ። ፋይሎቹን ከመፈለግዎ በፊት የካርዱን ሙሉ ቅጂ በአንድ ፋይል ያንሱ። ዊንዶውስ ላይ ዊን32 ዲስክ ኢሜጀር የተባለው ነፃ ሶፍትዌር ይህን ይሠራል። የሚቀመጥበትን ፋይል ስም ሰጥተው «ሪድ» የሚለውን ይጫኑ። አጠገቡ ያለውን «ራይት» የሚለውን ከነኩ ግን በካርዱ ላይ ይጻፋል፤ እጅዎን ቀስ ያድርጉ። የ64 ጊጋባይት ካርድ ከሆነ በኮምፒውተሩ ላይ ከ64 ጊጋባይት በላይ ባዶ ቦታ ያስፈልጋል። ካርዱ በየመሃሉ እያቋረጠ ካስቸገረ፣ ሊኑክስ በተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ላይ የሚሠራው ዲዲሬስኪው የተባለ ፕሮግራም የማይነበበውን ቦታ እየዘለለ የሚነበበውን አስቀድሞ ያወጣል። መብራት በመሃል ቢጠፋ ሥራው እንዳይቋረጥ ባትሪው ደህና በሆነ ላፕቶፕ ይጠቀሙ።

አራተኛ፣ የጠፉ ፋይሎችን ፈልጎ የሚያወጣውን ፎቶሬክ የተባለ ሶፍትዌር ያውርዱ። ነፃ ነው፤ ቴስትዲስክ ከተባለው ጋር አብሮ ይመጣል። በመስኮት የሚሠራውን ኪውፎቶሬክን ከፍተው ያነሱትን ቅጂ ይምረጡ፤ በዚህ መንገድ ፕሮግራሙ ካርዱን ጨርሶ አይነካውም። የተሰረዙትን ብቻ ከፈለጉ «ፍሪ»፣ ካርዱ ጭራሽ አልከፈት ካለ «ሆል» የሚለውን ይምረጡ። የፋይል ዓይነቶች ዝርዝር ውስጥ የሚፈልጉትን ብቻ ይተዉ፤ ለፎቶ ጄፔግ፣ ለመንዙማው ደግሞ ስልክዎ ድምፅ የሚቀዳበትን ዓይነት። የሚወጡት ፋይሎች የሚቀመጡበት ቦታ ኮምፒውተሩ ወይም ሌላ ዲስክ ይሁን፤ በፍጹም ያው ካርድ አይሁን።

ፎቶሬክ የሚሠራው መዝገቡን ትቶ የፋይሎቹን መነሻ ምልክት በመፈለግ ስለሆነ አብዛኛዎቹ ፋይሎች የቀድሞ ስማቸውን ይዘው አይመለሱም። በፊደልና በቁጥር የተሰየሙ ብዙ ፋይሎች ያገኛሉ፤ የሙሽራዋ ፎቶ ከስልኩ ጥቃቅን ምስሎች ጋር ተደባልቆ ይመጣል። በመጠን ቢደረድሯቸው ትልልቆቹ ወደ ላይ ይወጣሉ። ካርዱ ላይ ተበታትኖ የተቀመጠ ረጅም ቪዲዮ ግን ተቆራርጦ ሊወጣ ወይም ጨርሶ ላይከፈት ይችላል።

ውሃ የገባበት ስልክ ጉዳይ ሌላ ነው። በደሴ የክረምት ዝናብ የረጠበ ስልክ ወዲያው ይጥፋ፤ ቻርጅ አይሰካበት፣ ሩዝ ውስጥ አይቀበር፣ ከሰል ምድጃ አጠገብም አይቀመጥ። ሩዙ በውስጥ የገባውን ቆሻሻና ጨው አያወጣም፤ ሙቀቱም ይጎዳዋል። የዛሬ ስልኮች መረጃውን በምስጢር ቁልፍ ስለሚይዙና ቁልፉም ከራሱ ከስልኩ አካል ጋር የተሳሰረ ስለሆነ፣ ፎቶውን ለማውጣት ቦርዱ ራሱ ለጥቂት ጊዜም ቢሆን መነሳት አለበት። ደሴ ፒያሳም ይሁን ሸዋ በር ወዳለ ጥገና ቤት ሲሄዱ መጀመሪያ እንዲህ ይበሉ፦ «ወንድሜ፣ ስልኩ ባይድን ግድ የለኝም፤ የምፈልገው ውስጡ ያለውን ነው። ሳትነግረኝ ሶፍትዌር እንዳትጭንበት።» ሶፍትዌር ይጫንለት የሚባለው ሥራ ብዙውን ጊዜ ስልኩን ሲያስነሳ ያለውን ሁሉ ጠርጎ ያጠፋል።

«ቀጭ ቀጭ» የሚል ሃርድ ዲስክ ደግሞ ነቅለው ያስቀምጡት። አንባቢው ክንድ መረጃውን ከያዘው ሳህን በላይ የሚንሳፈፈው በዓይን በማይታይ ርቀት ነው፤ በተበላሸ ክንድ ደጋግሞ ማስነሳት ሳህኑን ይቧጥጠዋል። ክዳኑን መፍታትም ሆነ ፍሪጅ ውስጥ መክተት ጉዳቱን ያብሳል። ለባለሙያ ወደ አዲስ አበባ ከላኩት፣ የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርድ እንዳይናጥ በወፍራም ስፖንጅ ይጠቅልሉት።

ያወጧቸውን ፋይሎች አንድ በአንድ ከፍተው ካዩና በሌላ ዲስክ ላይ ከደገሟቸው በኋላ ካርዱን ፎርማት ማድረግ ይችላሉ። ዳግም ፎርማት ልደረግ ካለ አይመኑት፤ አዲስ ይግዙ። ሲገዙም በላዩ የተጻፈውን መጠን ኤችቱቴስትደብልዩ በተባለው የካርድ መፈተሻ ፕሮግራም ሳያረጋግጡ ሰርግ አይቅረጹበት፤ 128 ጊጋባይት ተብሎ የተጻፈበት ካርድ በውስጡ 8 ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ከዚያ በላይ የተቀዳው ደግሞ በፎቶሬክም አይገኝም።