ባህር የለንም ንፋስ ግን አለ፦ ሱሉልታ አካባቢ ትንሽ የንፋስ ተርባይን ለመትከል

እዚህ ሱሉልታ መብራት ሲሄድ ብዙ ሰው "የንፋስ ተርባይን (በንፋስ እየተሽከረከረ መብራት ሚያመነጨውን) ልግዛ ወይ?" ይለኛል። መልሴ ሁሌም አንድ ነው፣ መጀመሪያ ንፋሱን ለኩት።

ፈረንጆቹ ተርባይን ባህር ውስጥ ሚተክሉት ወደው አይደለም፣ ወጪው ከየብስ በጣም ይበልጣል። ግን ባህር ላይ ዛፍ የለ ቤት የለ፣ ንፋሱ ሳይሰበር ነው ሚመጣው። ዴንማርክ በ1991 እ.ኤ.አ. ቪንደቢ ሚባል ቦታ ላይ 11 ተርባይን ባህር ውስጥ ተክላ ጀመረችው፣ የዓለም የመጀመሪያው ነው፣ እስከ 2017 ድረስ ሰርቶ ነው የተነቀለው። እኛ ባህር የለንም፣ ያለን ባህር ዛፍ ነው፣ ንፋሱን ሚሰብርብን ደግሞ እሱ ነው። ስለዚህ እነሱ በውሃ ያገኙትን እኛ በከፍታ ነው ምናገኘው።

አለካኩ ቀላል ነው። ሁለት አጣና ቀጥሉና አቁሙት፣ ከታች እስከ ላይ በየሜትሩ ሪባን እሰሩበት። ሪባኑ ቀጥ ብሎ ከተዘረጋ ጥሩ ነው፣ እየተጠማዘዘ ሚገረፍ ከሆነ እዛ ከፍታ ላይ ያለው ንፋስ የተሰበረ ስለሆነ ከሱ በላይ መውጣት አለባችሁ። ከዛ በእጅ ሚያዝ የንፋስ መለኪያ ተዋሱ ወይ ግዙና ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ማታ እየለካችሁ ደብተር ላይ ጻፉ። በበጋም በክረምትም ለኩ፣ ሐምሌና ነሐሴ ንፋሱ ይደክማል፣ በበጋ ብቻ የለካ ሰው ይሸወዳል።

ይሄን ሁሉ ምለው ሂሳቡ ጨካኝ ስለሆነ ነው። የንፋሱ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ 8 እጥፍ ነው ሚሆነው። ዳር እስከ ዳር 2 ሜትር የሆነ ተርባይን በሰከንድ 3 ሜትር ንፋስ ላይ ወደ 10 ዋት ቢሰጣችሁ ነው፣ አንድ አምፖል በሉት፣ በ6 ሜትር ግን ወደ 80 ይደርሳል። ደግሞ እኛ ከ2500 ሜትር በላይ ነን፣ አየሩ ስስ ነው፣ ካርቶኑ ላይ ከተጻፈው ዋት ከ20 ፐርሰንት በላይ ቀንሱ። ዳር እስከ ዳር ሰፋ ያለውን ምረጡ፣ ክንፉ ሲዞር ሚሸፍነው ክብ ነው ንፋሱን ሚሰበስበው።

ጣሪያ ላይ እንዳትሰሩት አደራ!! እኔ የመጀመሪያውን ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ አስሬው ሌሊቱን ሙሉ ቤቱ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ልጆቹ አይተኙም፣ ጠዋት ባትሪውን ሳየው ምንም አልገባበትም፣ ምክንያቱም ጣሪያው ራሱ ንፋሱን ያተራምሰዋል። ማማው ብቻውን ይቁም፣ 100 ሜትር ዙሪያ ካለው ዛፍና ቤት ሁሉ ቢያንስ 9 ሜትር በልጦ። ከስር ማጠፊያ ይኑረው፣ ለጥገና ሚጋደም ማለት ነው፣ በ4 አቅጣጫ በብረት ገመድ ተወጥሮ አርማታ ላይ ይታሰር። መብረቅ አለ፣ ማማውንም የብረት ገመዶቹንም ከመሬት ጋር አገናኙ።

ሽቦው ላይ 12 ቮልት ሳይሆን 24 ቮልት ሲስተም ብትይዙ ይሻላል፣ በዛው ገመድ ሚባክነው ወደ ሩብ ይወርዳል። መጀመሪያ ባትሪው ከኮንትሮለሩ (ባትሪው አሞላልን ሚቆጣጠረው ሳጥን) ጋር ይገናኝ፣ ከዛ ነው ተርባይኑ። ስትፈቱ ግን በተቃራኒው፣ ባትሪው ቀድሞ ከተነቀለ ተርባይኑ ሚይዘው ነገር ስለሌለ እስኪሰበር ይሽከረከራል። ኮንትሮለሩም ባትሪው ሲሞላ ትርፉን ወደ ማሞቂያ ሚያፈስ ይሁን፣ ለሶላር ብቻ የተሰራው አይሆንም።

ተርባይኑ መሽከርከሩን ለማስቆም፣ ንፋሱ በረድ እስኪል ጠብቁና ከተርባይኑ ሚመጡትን ሶስት ገመዶች አንድ ላይ አገናኙ፣ ይዞ ያቆመዋል። በከባድ ንፋስ ካደረጋችሁት ተርባይኑ ውስጥ ያለው የሽቦ ጥቅልል ሊቃጠል ይችላል። ለዚህ ተብሎ የተሰራ ማብሪያ ማጥፊያ ከታች ግጠሙ፣ ማማውን ከማጋደማችሁ በፊት ሁሌ በሱ ሶስቱን ገመዶች አገናኙና ተርባይኑን አስቁሙ፣ ማንም ሰው ደግሞ ከማማው ስር አይቁም።